ጠመኔ ላመጣ ወጥቼ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ከገባ ገና ወሩ ነው። «ጋሼ፣ ክበብ ምናምን ልግባ ወይስ አርፌ ልማር?» አለኝ። መንገድ ላይ ስለነበርኩ «ማታ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ማታ ስደውል አያነሳም። በማግስቱም አያነሳም። ምክር ሊወርድበት እንደሆነ ገብቶታል ማለት ነው። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ምክር ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ካነበበው አነበበው።

እኔ ፔዳ የገባሁት በ2004 ነው፤ ጂኦግራፊ። ከደሴ ስመጣ ባሕር ዳርን የማውቃት በቴሌቪዥን ብቻ ነበር። ዘንባባውንና ሐይቁን። ከአውቶቡስ ስወርድ መጀመሪያ ያስገረመኝ ግን ሜዳው ነው። ደሴ ያደገ ሰው መንገድ ማለት ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ይመስለዋል። እዚህ ብስክሌት የሚነዳው ሰው ብዛት! ቄሱም፣ መምህሩም፣ ዳቦ ገዝታ የምትመለሰው ሴትዮም።

«ፔዳ» የሚለው ስም ከድሮው የፔዳጎጂ አካዳሚ የቀረ ነው። አካዳሚው በ1965 የተከፈተ የመምህራን ማሰልጠኛ ነበር። በ1955 በሶቪየቶች ትብብር ከተቋቋመው ፖሊቴክኒክ፣ ከ«ፖሊ» ጋር በ1992 ተዋህደው ነው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። ከዚያ ወዲህ ሌላም ሌላም ግቢ ተጨምሯል። ባጃጅ ውስጥ ገብተህ «ዩኒቨርሲቲ» ብትል ግን መልሱ «የቱ? ፔዳ ነው ፖሊ?» ነው። በስም ተዋህደዋል፤ በባጃጅ አልተዋሃዱም።

የመጀመሪያው ክላስ ላይ ቲቸር ገባ፤ ሰሌዳውን አየ፤ ኪሱን ዳበሰ። ጠመኔ ረስቷል። ከፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቸካይ ሆኜ አይደለም። ዓይኔ ሩቅ አያይም፤ መነጽር ማድረግ ደግሞ ያኔ ሼም ይመስለኝ ነበር። «አንተ፣ እስቲ ጠመኔ ፈልግልን» አለኝ። ወጣሁ። ጠመኔ የት እንደሚገኝ አላውቅም። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ እንኳን ገና አላወቅኩም። አንድ ፎቅ ወጣሁ፤ ወረድኩ። በመጨረሻ ኮሪደር የሚጠርጉ እናት አገኘሁና «እማማ፣ ጠመኔ የት ይገኛል?» አልኳቸው። ከጋውናቸው ኪስ ሁለት ስባሪ አውጥተው ሰጡኝ። «ይረሳሉ እኮ፤ ለዚህ ነው የምይዘው» አሉኝ።

ስመለስ ክፍሉ እየሳቀ ነው። «ተወካያችሁ መጣ» አለ ቲቸር። እኔ ጠመኔ ፍለጋ ስዞር «ተወካይ ምረጡ» ተብሎ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ አንዱ ከኋላ «ያ የወጣው ልጅ ይሁን» ብሎ፣ እጅ ወጥቶ፣ አልቋል። የሌለ ሰው መምረጥ ቀላል ነው፤ እምቢ አይልም።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ ተወካይ ሆንኩ።» ዝም አለች። ካርዱ እየቆጠረ እሷ ዝም ትላለች። «የምን ተወካይ?» አለች በመጨረሻ። የክፍል ነው አልኳት። «ፖለቲካ አለበት?» የለበትም፤ ፎቶ ኮፒ ነው ሥራው አልኳት። አላመነችኝም። እናቴ «ተማሪ» እና «ተወካይ» የሚሉት ቃላት አንድ ላይ ሲመጡባት ሆዷ ይፈራል። ታላቅ ወንድሟ ተማሪ ነበር። በ1957 አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡትን ተማሪዎች ገድል እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። በ1970 አንድ ቀን ከቤት ወጣ። አልተመለሰም። ፎቶው እስከዛሬ ሳሎናችን ውስጥ አለ፤ አፍሮው ከፍሬሙ ሊወጣ ደርሶ።

«የኔ ልጅ፣ ፊት አትቀመጥ» አለችኝ ስትዘጋ።

ፊት የምቀመጠው ስለማላይ ነው ብዬ ልነግራት ፈልጌ ነበር። ካርዱ አለቀ።

ተወካይነት ያኔ ምን ይመስል እንደነበር ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። ቴሌግራም የሚባል ነገር የለም። ክላስ ሲቀየር ሜሴጅ እልካለሁ፤ ለ52 ሰው፣ አንድ በአንድ፣ ቁልፎቿ በተፋቁ ስልክ። ፊደሏ እንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ አማርኛውን በላቲን ፊደል ስጽፍ ግማሹ ሰው ሌላ ነገር ይረዳል። ከዚያ ተማሪውን በአምስት በአምስት የሚያቧድነው የአንድ ለአምስት ዝርዝር አለ። የዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ ያስታውሳታል። 52 ለ5 ሲካፈል ሁለት ይተርፋል። ሁለቱን የት እንደምከታቸው ሳስብ ያደርኩበት ሌሊት አለ። በመጨረሻ አንዷን ሴት አንድ ቡድን ላይ፣ አንዱን ወንድ ሌላ ቡድን ላይ ደረብኳቸው። ማንንም አልጠየቅኩም። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሁለቱም ተቀየሙኝ።

ዋናው ሥራ ግን ሃንድአውት ነው። ቲቸር አንድ ኮፒ ይሰጠኛል። ይዤው ከግቢ ውጭ ፎቶ ኮፒ ቤት እሮጣለሁ። አንድ ጊዜ የደረሰን 38 ገጽ ነበር። ገጹ 40 ሳንቲም፣ አንዱ 15 ብር ከ20። ለ52 ሰው ሲሆን 790 ብር ከ40 ሳንቲም። ይህን ያህል ብር በሕይወቴ ይዤ አላውቅም። ባለቤቱ በዱቤ ሰጠኝ፤ መታወቂያዬን አስይዤ። ሃንድአውቱን አደልኩ፤ ገንዘቡን በየቀኑ ሳንቲም በሳንቲም ለቀምኩ። ኪሴ እንደ ታክሲ ረዳት ይንሿሿል። በሁለት ሳምንት ውስጥ 76 ብር ጎደለኝ። አምስት ሰው አልከፈለም ማለት ነው። ደብተሬ ላይ የሁሉም ስም አለ፤ የከፈለ ራይት አለው፤ አምስት ስሞች ባዶ ናቸው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ መታወቂያዬን ይዞ ካፌ እንኳን ለመግባት ጭቅጭቅ ሆኖብኛል። ተናድጃለሁ። ክላስ እስኪጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀር ፊት ወጣሁና አምስቱን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩ። «እነዚህ ሰዎች በሰው ብር እያነበቡ ነው» አልኩ። እንደዛ ነው ያልኩት። ሳስታውሰው እስከዛሬ ፊቴ ይግላል።

አንደኛው ልጅ ተነሳ። ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ቀስ ብሎ መጣና አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ አስቀመጠ። 38ቱም ገጽ በእጅ ተጽፏል። ርዕሱ በቀይ፣ ውስጡ በሰማያዊ። የስምጥ ሸለቆው ሥዕል ሳይቀር አለ፤ በማስመሪያ፣ ከነቀስቱ፣ ከነከፍታው ቁጥር። «ሃንድአውቱን አልወሰድኩም» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ክፍሉ ግን ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። የዶርም ጓደኛውን ተውሶ ላይብረሪ ቁጭ ብሎ ገልብጦታል። 15 ብር አልነበረውም፤ ወይም ለሌላ ነገር ይፈልገው ነበር። አልጠየቅኩትም፤ እንዴት አውቃለሁ?

52ኛው ኮፒ የት ሄደ ታዲያ? ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ታች፣ ከሹራቤ ሥር።

ማታ ኮፒውን ይዤ ዶርሙ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅኩት። «ተወው፣ ጽፌ ጨርሻለሁ» አለኝ። ቂም አልያዘም። ፋይናል ሲደርስ የእሱን ደብተር ለምኜ ነው ያጠናሁት፤ ከሃንድአውቱ ይሻል ነበር። ከሌሎቹ አራቱ ሦስቱ የከፈሉኝ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ አንዱ አሁንም አለበት። ይህን የሚያነብ ከሆነ ራሱን ያውቃል።

አሁን ወደ ጀልባው ልምጣ። ሁለተኛ ዓመት፣ ግንቦት። ክፍላችን አንድም ቀን አብሮ ተዝናንቶ አያውቅም። ጣናን ለሁለት ዓመት ያየነው ከዳር ቆመን ነው። የጂኦግራፊ ተማሪዎች ነን እኮ! ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሆነ፣ አባይ ከደቡብ ጫፉ እንደሚወጣ፣ በጣም ጥልቅ ነው በሚባልበት ቦታ እንኳን ከ15 ሜትር ብዙ እንደማያልፍ ለፈተና ሸምድደናል። ውሃው ላይ ግን የወጣ የለም። ስለዚህ ጉዞ አዘጋጀሁ። በሰው 60 ብር። መዳረሻ፦ ክብራን ገብርኤል፣ ደሴት ላይ ያለ ገዳም። ለምን ክብራን? ቅርብ ነው፤ ከዳር ሆነህ ስታይ ዛፍ ለብሶ ውሃው ላይ የተቀመጠ ጉብታ ይመስላል። የጥንት ብራናዎች እንዳሉትም አንብቤያለሁ። በቃ፣ ወሰንኩ። ማስታወቂያ በማርከር ጽፌ ለጠፍኩ። «ታላቅ የጉብኝት ጉዞ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ቅዳሜ ጠዋት 41 ሰው መጣ። 17ቱ ሴቶች ናቸው። ነጠላ ለብሰዋል፤ አንዷ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ሁለት ጀልባ ተከራይተናል። ባለ ጀልባው ሸምገል ያሉ ሰውዬ ናቸው። ሊቆጥሩን ጀመሩ። ሴቶቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እነዚህን ምን ልታደርጋቸው ነው?» አሉኝ።

«ከኛ ጋር ናቸው» አልኳቸው።

«ክብራን አይደለም እንዴ ያልከኝ?»

«አዎ ክብራን።»

«ልጄ፣ ክብራን ሴት አይገባም እኮ።»

ያን ጊዜ ውሃው ራሱ ዝም ያለ መሰለኝ። ዞር ስል 17 ሴቶች ያዩኛል። ከመሃላቸው ድፎ ዳቦ የያዘችው ልጅ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። ይቺ ልጅ የዘጌ ልጅ ናት፤ ዘጌ ሐይቁ ውስጥ የገባ ልሳነ ምድር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ አንድም ቀን አልተናገረችም። ደሴት በየደሴቱ፣ ገዳም በየገዳሙ የት ሴት እንደሚገባ፣ የት እንደማይገባ አብራው ያደገችው ነገር ነው።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠየቅከኝ?» አለች። ተቆጥታ አይደለም። በእርግጥ የጠየቅኳት መስሏት ማስታወስ የምትሞክር ነው የሚመስለው። «እኔማ እናንተን ክብራን አውርዶ እኛን እንጦስ ሊያደርሰን ነው ብዬ ነው። እንጦስ ኢየሱስ ሴትም ይገባል፤ ጎን ለጎን ናቸው።»

እንጦስ የሚባል ደሴት መኖሩን ያወቅኩት ያኔ ነው። ማስታወቂያዬ ላይ «ታላቅ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ያሰመርኩት ሰውዬ።

በተወካይነት ዘመኔ የመጀመሪያው እውነተኛ ስብሰባ የተካሄደው እዚያ የጀልባ ማቆሚያ ላይ ነው። ባለ ጀልባው ሦስት አማራጭ ሰጡን። ለሁለት ተከፍሎ ክብራንና እንጦስ መሄድ፤ ሁላችንም እንጦስ መሄድ፤ ወይም ጨምሮ ዘጌ። እጅ አስወጣሁ። ዘጌ አሸነፈ። ገንዘቡ ግን አይበቃም። የዘጌዋ ልጅ ሰውዬውን «አባባ» ብላ ወደ ዳር ወሰደቻቸው። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ የማን ልጅ እንደሆነች ሳትነግራቸው አልቀረችም። ሲመለሱ ሰውዬው ፈገግ ብለዋል። «ግቡ» አሉን። ምንም አልጨመርንም።

ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መንገድ ላይ ከደንገል የተሠራች ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው እንጨት ጭኖ ሲቀዝፍ አለፍነው። የኛ ሞተር ያስነሳው ማዕበል ታንኳዋን ከፍ ዝቅ አደረጋት፤ እሱ ቀና ብሎም አላየን። ስንወርድ ልጅቷ ተለወጠች። ክፍል ውስጥ የማናውቃት ሰው ሆነች። ከፊት ትሄዳለች፤ እኛ እንከተላለን። ከቡናው ጥላ ሥር በድንጋያማው ቀጭን መንገድ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። ጫማ አወለቅን። በክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ዓይናቸው ትልልቅ የሆኑት ቅዱሳን። ሃንድአውት የገለበጠው ልጅ እዚያ ቆሞ ቀረ፤ ጎትተን ነው ያወጣነው።

ድፎ ዳቦውን ቡናው ሥር ቁጭ ብለን በላን። ልጅቷ ዘጌ ውስጥ በሬ እንደማይጠመድ የነገረችን ያኔ ነው። ገዳሙን ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር የተያያዘ ቃል ኪዳን ነው ይላሉ አለች። አይታረስም፤ ስለዚህ ደኑ ቀረ፤ ስለዚህ ቡናው ቀረ። ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ስለ ደን መመናመን ተምረናል። ከኛ አንድ ረድፍ ርቃ የተቀመጠች ልጅ ቤቷ ያለው ያልተመነመነ ደን ውስጥ ነው። አንድም ሰው አያውቅም ነበር። እኔ ተወካይዋም።

ስንመለስ ከሰዓት ነፋሱ ተነሳ። ጣና ጠዋትና ከሰዓት አንድ ሐይቅ አይደለም። ጀልባዋ ትዘላለች፤ ሁለት ልጆች አስታወኩ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ዝርዝሩን እዚህ ልተወው።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ክላስ ላይ ቆሜ «ሐሳብ ያለው ይናገር» አልኩ። ማንም አልተናገረም። በሚቀጥለውም እንደዛው። የዘጌዋን ልጅ ብሶቴን ነገርኳት። «ፊት ቆመህ ከጠየቅክ የሚናገረው ፊት ያለው ነው» አለችኝ። «ከኋላ ጀምር። ቆመህ አይደለም፤ ተቀምጠህ።»

ሞከርኩት። ቲቸር ሲያረፍድ የመጨረሻው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ወሬ እጀምራለሁ፤ በሚቀጥለው ቀን አንድ ረድፍ ወደፊት። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰማሁት በሁለት ዓመት ያልሰማሁትን ነው። አንድ ልጅ አድቬንቲስት ነው። ሜክአፕ ክላስ (ማካካሻውን) ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት የማስይዘው እኔ ነኝ፤ ለኔ ስለሚመቸኝ። ልጁ ሦስት ጊዜ ቀርቷል፤ አቴንዳንስ ላይ ቀይ ሆኖበታል፤ ዝም ብሏል። ጁምዓን የምጠነቀቅ ሰው ነኝ። ደሴ አድጌ እንዴት አልጠነቀቅም? ቅዳሜ ግን በጭራሽ አልመጣልኝም። ሜክአፑን ረቡዕ ከሰዓት አዛወርኩት። ቲቸር ምክንያቱን ስነግረው «እሺ፣ ቀድመህ ብትነግረኝስ?» አለኝ። የቀሩትንም ሦስት ቀኖች አስተካከለለት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ሦስተኛ ዓመት ስንገባ ምርጫ ተደረገ። ይህኛው እውነተኛ ነው፤ ሁላችንም ክፍል ውስጥ ነበርን። የዘጌዋን ልጅ ሃንድአውት የገለበጠው ልጅ ጠቆማት። እኔ ራሴን ጠቆምኩ። 31 ለ14 ተሸነፍኩ። ከልቤ እጄን አጨበጨብኩ ብል ውሸት ነው። ደበረኝ። የዓይኔን ነገር ያህል የደበቅኩት ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

በንዴት ክበብ ገባሁ። የእህቴ ልጅ፣ የጠየቅከኝ እዚህ ጋ ነው። ክበብ ሞልቷል። ዓመቱ ሲጀመር የማስታወቂያ ሰሌዳው ወረቀት በወረቀት ነው፤ ቀይ መስቀል፣ ሥነ ጽሑፍ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሌላም። የተማሪዎች ህብረት አለ፤ ፕሬዚዳንት አለው፤ ምክር ቤት አለው። እኔ አካባቢ ጥበቃ ገብቼ በሁለት ወር ጸሐፊ ሆንኩ። ማኅተም ተሰጠኝ። ማኅተም! ኪሴ ውስጥ ይዣት እዞር ነበር። ሱሪዬ ላይ ያስቀረችው የሰማያዊ ቀለም ክብ ታጥቦ አልለቀቀም። ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ፤ «ስብሰባው በሰላም ተጠናቀቀ» እላለሁ። ከዚያ ውጭ ምን እንደሠራን አሁን ብትጠይቀኝ አላስታውስም። ከአንድ ቀን በስተቀር።

እምቦጭ የሚባለው አረም ጣና ላይ የታየው ግቢ በገባሁበት በ2004 ነው። በሦስተኛ ዓመቴ ከክበቡ ጋር ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ለነቀላ ሄድን። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ አበባው ሐምራዊ ነው፤ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል። ስትነቅለው ታውቀዋለህ። ግንዱ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ አየር የሞላው፤ ለዚያ ነው የሚንሳፈፈው። ሥሩ እንደ ረጅም ጢም ጥቁር ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ውሃ ስለጠጣ ይከብዳል። አንዱን ስትጎትት ጎረቤቱ አብሮ ይመጣል። ቁራጭ ከቀረ እንደገና ያበቅላል። የአካባቢው ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ገብተው ይጎትታሉ፤ ጓደኞቼም ገቡ። እኔ ዳር ቆሜ የተገኙ ሰዎችን ስም እመዘግባለሁ።

አንድ ገበሬ ሸክማቸውን አጠገቤ ጣሉና ቀና አሉ። «አንተ ምንድን ነህ?» አሉኝ።

«የክበቡ ጸሐፊ ነኝ።»

ወረቀቴን አዩ፤ እምቦጩን አዩ። «ታዲያ በጽሕፈት ይነቀላል?» አሉኝና ተመልሰው ገቡ።

ወረቀቱን ለሹፌሩ ሰጥቼ ገባሁ። ማኅተሟ ኪሴ ውስጥ እንዳለች። ከዚያ በኋላ በደንብ አትመታም ነበር።

ክበብ ግሬድ ይበላል የሚሉህ አሉ። ይበላል። የኔን ግን የበላው ካርታ ነው። የጂኦግራፊው ካርታ አይደለም፤ የዶርሙ። ስለዚህ ግሬድህን ለክበብ አታሳብበው። የሚያስቸግረው ማኅተሙ ነው። ማኅተም የያዘ ሰው ለመጠየቅ ይሰንፋል። ክፍል ተወካይ ሲሆን ግን 52 ሰው በየቀኑ ፊቱን ያየዋል፤ መደበቂያ የለውም።

ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ተወካይ ሆና አንድም ጊዜ ጮክ ብላ ስም አላነበበችም። የሃንድአውት ብር ስትሰበስብ መጀመሪያ «ማን ማን ይፈልጋል?» ትላለች፤ ለፈለገ ብቻ ታስባዛለች። ይኼ ነው ሚስጥሩ። ሁለት ዓመት አልታየኝም። ፎቶ ኮፒ ቤት የማንንም መታወቂያ አላስያዘችም።

አሁን እሷ መምህርት ናት። ክፍላችን ዘግይቶም ቢሆን ቴሌግራም ግሩፕ አለው፤ አሁንም የምታስተዳድረው እሷ ናት። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ላኩላት፤ ስላነሳኋት ቅር እንዳይላት። ዘጌ ላይ የጻፍኩትን አንድ ቦታ አረመችኝ። ከዚያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ልጁ ራሱ ምን ደስ እንደሚለው ጠይቀኸዋል?»

ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ ጽፌያለሁ። ያንን አልጠየቅኩትም።

አሁን ደወልኩለት። ተይዟል።